መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ኩፖኑ፦ በኦንላይን ለሚሸምቱ ወገኖች ማሳሰቢያ

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ ያለ የሐበሻ ቤት ሁሉ ግርግር ይበዛበታል። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄደው ሻንጣውን ያዘጋጃል። የማይሄደውም ለእናቱ ጫማ፣ ለእህቱ ልጅ ጃኬት ገዝቶ በሰው ለመላክ ይሯሯጣል። መደብሮችም ከታንክስጊቪንግ ማግስት ከሚውለው ብላክ ፍራይደይ ጀምረው ትልልቅ ቅናሾቻቸውን የሚያወጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ኢሜይሉ፣ ቴሌግራሙ፣ የስልክ መልእክቱ በኩፖን ይጥለቀለቃል። በዚህ ወቅት አስቦ የሚገዛ ሰው በእርግጥ ገንዘብ ያድናል። ሳያስብ የሚገዛው ግን ያዳነ እየመሰለው ከአቅሙ በላይ ያወጣል፤ ባስ ሲልም በሐሰተኛ ኩፖን ተታሎ የካርድ ቁጥሩን ለሌባ አሳልፎ ይሰጣል። ይህ ማሳሰቢያ የተዘጋጀው አስበው የሚገዙት እንዲበዙ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንረዳ፤ ኩፖን ምጽዋት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ኮካ ኮላ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል ነበር። ከ1894 እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ 8.5 ሚሊዮን ያህል ብርጭቆ በነፃ እንደተጠጣ ይነገራል። ኩባንያው በዚህ አልከሰረም፤ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ደንበኛ አደረገበት እንጂ። የዛሬው የኦንላይን ኩፖንም ዓላማው ያው ነው። ያላሰብነውን እንድንገዛ፣ ካሰብነው በላይ እንድናወጣ፣ ወይም ኢሜይላችንንና ስልክ ቁጥራችንን እንድንሰጥ ይጋብዘናል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ንግድ ነው። እኛም እንደ ነጋዴው ሁሉ ጥቅማችንን አውቀን እንግባበት። መመሪያው አጭር ነው፦ ኩፖን የሚጠቅመው አስቀድመን ለመግዛት በወሰንነው ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ሀ. ከመግዛትዎ በፊት

1. ዝርዝርዎን ከኩፖኑ በፊት ይጻፉ። ለማን፣ ምን፣ በስንት ቁጥር፣ እስከ ስንት ዶላር እንደሚገዙ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ዝርዝሩ ኪሎም ይኑረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ የኢኮኖሚ ተሳፋሪ በመደበኛነት የሚፈቅደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተገዛ ከባድ ዕቃ ኤርፖርት ላይ የትርፍ ኪሎ ክፍያ ሲጠየቅበት ኩፖኑ ያዳነውን ሁሉ ይበላዋል።

2. «የነበረው ዋጋ» የሚለውን ጽሑፍ ሳያጣሩ አይመኑ። ተሰርዞ ከጎኑ አዲስ ዋጋ የሚጻፍበት ቁጥር ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከሰሰው ጄሲ ፔኒ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ጥፋት መፈጸሙን ሳያምን በ50 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን በስምምነት ጨርሷል። አማዞን ላይ የሚገዙ ከሆነ ካሜልካሜልካሜል ወይም ኪፓ የተባሉት አገልግሎቶች የዕቃውን የወራት ዋጋ በሥዕል ያሳያሉ። ዛሬ «በ40 በመቶ ቀነሰ» የተባለው ዕቃ በነሐሴም በዚሁ ዋጋ ይሸጥ ከነበረ ቅናሽ የለም ማለት ነው።

3. ዕቃውን ካርት ውስጥ ትተው አንድ ሁለት ቀን ይቆዩ። በአካውንትዎ ገብተው ዕቃውን ከመረጡ በኋላ ሳይከፍሉ ቢወጡ አንዳንድ መደብር «የረሱት ዕቃ አለ» ብሎ ከነቅናሹ ኢሜይል ይልካል። ባይልክም የሚያጡት ነገር የለም፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ዕቃውን በእርግጥ ይፈልጉት እንደሆነ ይለያሉ።

4. የመመለሻውን ቀን አስቀድመው ያንብቡ። በትልቅ ቅናሽ የሚሸጡ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የማይመለሱ ናቸው። አዲስ አበባ ደርሶ ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ ደግሞ መመለሻ ጊዜው ቢኖርም የሚመልሰው ሰው ላይገኝ ይችላል። ቁጥር ላይ ከተጠራጠሩ ቤተሰብ እግሩን ወረቀት ላይ አስምሮ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ለክቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ያንን ከመደብሩ ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ።

ለ. ኩፖን የት እንደሚፈልጉ

5. ከመደብሩ ከራሱ ይጀምሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ብዙ መደብር ኢሜይሉን ለሚያስመዘግብ አዲስ ደንበኛ ለመጀመሪያው ግዢ 10 ወይም 15 በመቶ ይቀንሳል። አማዞን ላይ ኩፖኑ ከዋጋው ሥር በትንሽ ሳጥን ይቀመጣል፤ ሳጥኑን ካልነኩት ቅናሹ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ቅናሽ የሚያስገኘው የታርጌት ሰርክል አባልነትም በነፃ ነው።

6. ለኩፖን ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል ይክፈቱ። የባንክ፣ የኢሚግሬሽንና የሐኪም ደብዳቤ የሚመጣበት ኢሜይል በማስታወቂያ ከተሞላ አንድ ቀን አስፈላጊ ደብዳቤ ያመልጥዎታል። በአሜሪካ ሕግ የንግድ ኢሜይል ላኪ መውጫ ማስቀመጥ አለበት፤ «አልፈልግም» ካሉትም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቆም ይገደዳል።

7. የሚገባዎትን ቅናሽ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ሜዲኬይድ ወይም የኢቢቲ ካርድ ያለው ሰው የአማዞን ፕራይምን በወር 14.99 ዶላር ሳይሆን በ6.99 ዶላር ማግኘት ይችላል። የስናፕ ተጠቃሚ በአማዞንና በዎልማርት ምግብ በኦንላይን መግዛት ይችላል፤ የማድረሻውን ክፍያ ግን በስናፕ መክፈል አይቻልም። ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ መምህራንና ወታደሮች መታወቂያቸውን አሳይተው የሚያገኙት ቅናሽ በብዙ መደብሮች አለ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ሆስፒታልና የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እየሠሩ ይህን ቅናሽ አይጠይቁም።

8. የኩፖን ድረ ገጾችን በልክ ይጠቀሙ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ የተጀመረው ሪቴይልሚኖትን የመሰሉ ገጾች ኮዶችን ይሰበስባሉ። ከሚያገኟቸው ኮዶች ብዙዎቹ ጊዜያቸው ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስቱን ሞክረው ካልሠሩ ይተዉት። ኮድ የሚገባው መደብሩ ራሱ ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ኮድ የሚሰጥ ገጽ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም፤ ከጠየቀ ወዲያው ይውጡ።

9. ካሽባክን ከኩፖን ይለዩ። ድሮ ኢቤትስ ይባል የነበረው ራኩተን በእሱ በኩል አልፈው ለገዙት ዕቃ የተወሰነውን በመቶኛ ይመልሳል፤ ክፍያው ግን በየሦስት ወሩ ነው። መደብሩ ከፈቀደ የመደብሩን የቅናሽ ዋጋ፣ የኩፖን ኮዱንና ካሽባኩን በአንድ ግዢ ላይ መደራረብ ይቻላል። ካሽባክ ኋላ የሚመጣ ገንዘብ ስለሆነ ዛሬ ኪስዎ ውስጥ እንዳለ አድርገው አይቁጠሩት።

ሐ. ሲከፍሉ

10. የሚያድኑትን ሳይሆን የሚከፍሉትን ይደምሩ። ለምሳሌ የሚፈልጉት 58 ዶላር የሚያወጣ ጫማ ነው እንበል። መደብሩ «ከ75 ዶላር በላይ ለሚገዛ 20 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ቅናሹን ለማግኘት 18 ዶላር የሚያወጣ ካልሲ ይጨምራሉ፤ ድምሩ 76 ይሆናል፤ 15.20 ይቀነስልዎትና 60.80 ይከፍላሉ። ስክሪኑ «15.20 ዶላር አድነዋል» ይልዎታል። ጫማውን ብቻ ይዘው በአዲስ ደንበኛ 10 በመቶ ቢገዙ ኖሮ ግን የሚከፍሉት 52.20 ነበር። ካልሲው በዝርዝርዎ ላይ ከነበረ ጥሩ ገዝተዋል፤ ካልነበረ 8.60 ዶላር ባልፈለጉት ዕቃ ላይ አውጥተዋል። ይህን ስሌት በስልክዎ ካልኩሌተር ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

11. የማጓጓዣውን ወለል ይዩ። «ከ35 ዶላር በላይ በነፃ እናደርሳለን» የሚል መደብር 35ቱን የሚቆጥረው ኩፖኑ ከተቀነሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ኩፖኑ ከወለሉ በታች ካወረደዎት የማጓጓዣው ክፍያ ከቅናሹ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱንም ሞክረው አነስተኛውን ይምረጡ።

12. ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ ቀረጡን ያስቡ። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባበት የነበረው አሠራር ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጣ ዕቃ ሜይ 2 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.)፣ ለሌሎች አገሮች ደግሞ ኦገስት 29 ቀን 2025 ቀርቷል። በአንዳንድ የመሸመቻ አፕ ውስጥ ጎማ አሽከርክረው የሚያገኙት ኩፖን ትልቅ ቢመስልም መጨረሻ ላይ ከነቀረጡና ከነማጓጓዣው የሚወጣውን ድምር ሳያዩ አይክፈሉ።

13. ዕቃ ሲመልሱ ኩፖኑም አብሮ እንደሚመለስ ይወቁ። በላይኛው ምሳሌ ጫማውን ብቻ ቢመልሱ የሚያገኙት 58 ሳይሆን ከነቅናሹ የከፈሉት 46.40 ነው። ካልሲውን ቢመልሱ ደግሞ ግዢው ከ75 ዶላር በታች ስለሚወርድ ቅናሹን የሚያነሳ መደብር አለ። ሊመልሱት አስበው ዕቃ አይጨምሩ።

መ. ፈጽሞ የማይደረጉ

14. በግሩፕ የመጣን የኩፖን ሊንክ አይጫኑ። «ኮስትኮ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ የ75 ዶላር ኩፖን ይሰጣል»፤ «አልዲ ለሁሉም ቤተሰብ ኩፖን ያድላል» የሚሉ መልእክቶች በፌስቡክ በተደጋጋሚ ተሰራጭተው፣ መደብሮቹ የእኛ አይደለም ብለዋል። ስልታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሦስት ቀላል ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላሉ፤ ከዚያ ለ10 ሰው ካልላኩ አይሰጥዎትም ይላሉ። እውነተኛ መደብር ኩፖን ለመስጠት ዘመድ ወዳጅዎን እንዲያስቸግሩ አያስገድድም።

አድራሻውን ለማንበብ ይልመዱ። «ኮስትኮ ዶት ኮም» የመደብሩ ነው። «ኮስትኮ ዶት ስጦታ75 ዶት ቶፕ» ግን የኮስትኮ አይደለም። የገጹን ባለቤት የሚነግርዎ በመጀመሪያ ላይ የተጻፈው የታወቀ ስም ሳይሆን ከመጨረሻው ነጥብ ፊት ያለው ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ «ስጦታ75» የተባለ ማንነቱ ያልታወቀ ገጽ ነው። ከተጠራጠሩ ሊንኩን ትተው የመደብሩን አፕ ከፍተው ኩፖኑ እዚያ መኖሩን ይዩ።

15. ለኩፖን ብለው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ፓስዎርድ ወይም በስልክ የመጣልዎትን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይስጡ። ምንም ዓይነት ቅናሽ እነዚህን አይጠይቅም። አገር ቤት ላለ ቤተሰብም ይህንኑ ይንገሩ፤ በሽልማት ስም የቴሌብር ፒን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።

16. በጊፍት ካርድ ክፈሉ ለሚል ሻጭ አይክፈሉ። «በጊፍት ካርድ ከከፈሉ ግማሽ ዋጋ» ብሎ በስተጀርባ ያለውን ቁጥር በፎቶ ላኩልኝ የሚል ሻጭ ዕቃ የለውም። ቁጥሩ አንዴ ከተላከ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

17. የኩፖን ኤክስቴንሽን ያለ ጥያቄ አይጫኑ። እነዚህ ብሮውዘር ላይ የሚጫኑ መሣሪያዎች በየመደብሩ ገጽ ኮድ ይሞክሩልዎታል፤ ለዚህም የሚከፍቷቸውን ገጾች ለማንበብና ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፔይፓል ሃኒ የተባለውን ኤክስቴንሽን በ2020 (እ.ኤ.አ.) በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መግዛቱ የእኛ የግዢ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። በ2024 መጨረሻ ላይ አንድ ዩቲዩበር ሃኒ የሌሎችን ኮሚሽን ወደ ራሱ ያዞራል፣ የተሻለ ኮድ እያለም ከመደብሮች ጋር የተስማማበትን ብቻ ያሳያል ሲል ወቀሰ፤ ፔይፓል ወቀሳውን አልተቀበለም፤ ጉዳዩ ግን ፍርድ ቤት ደርሷል። ጉግልም በማርች 2025 ለተጠቃሚው ጥቅም ሳያስገኝ የኮሚሽን ሊንክ የሚያስገባ ኤክስቴንሽን እንዳይኖር ደንቡን አጥብቋል። መጠቀም ከፈለጉ አንድ ብቻ ይምረጡ፤ ክሮም ውስጥ ገብተውም ሲነኩት ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት። ባንክዎን በሚከፍቱበት ብሮውዘር ላይ ባይኖር ይመረጣል።

18. የተሠራ ኩፖን አይግዙ፣ አይሽጡ። በቨርጂኒያ ቢች የሚኖሩ ባልና ሚስት በቤታቸው ኮምፒውተር ሐሰተኛ ኩፖን እያዘጋጁ በፌስቡክና በቴሌግራም ላገኟቸው ገዢዎች ይሸጡ ነበር። ያደረሱት ኪሳራ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ሚስትየዋ በ2021 (እ.ኤ.አ.) 12 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ ባልየውም እስራት ተፈርዶበታል። ኩፖን በገንዘብ የሚሸጥልዎ ሰው ካገኙ ከየት እንዳመጣው ይጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ይራቁ። ለስደተኛ የማጭበርበር ክስ ከመቀጫ አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱንም የሚነካ ጉዳይ ነው።

19. በሰው መብት አይግዙ። የነርሷ ጓደኛዎን መታወቂያ ወይም የተማሪ ልጅዎን አካውንት ለራስዎ ቅናሽ መጠቀም ተገቢ አይደለም። በየሳምንቱ በአዲስ ስም እየተመዘገቡ የአዲስ ደንበኛ ቅናሽ መውሰድም እንዲሁ። መደብሩ ሲደርስበት አካውንቱን ይዘጋል፤ ብዙ ሰው ካጭበረበረው ደግሞ ቅናሹን ከሚገባቸውም ላይ ያነሳዋል።

20. «የመጀመሪያው ወር በ1 ዶላር» የሚለውን፣ የሚያበቃበትን ቀን ሳይመዘግቡ አይጀምሩ። ከወሩ በኋላ ሙሉው ክፍያ በየወሩ ራሱ ይቆረጣል። ሲመዘገቡ ወዲያውኑ ማቋረጫው ቀን ከመድረሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ስልክዎ እንዲያስታውስዎ ያድርጉ።

ሠ. ለሌሎች ከማጋራትዎ በፊት

የእድር፣ የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን ግሩፖቻችን ዋናው ሀብታቸው መተማመን ነው። «ወይዘሮ እገሌ ከላኩት ደህና ነው» ተብሎ ይከፈታል። ለዚህ ነው አጭበርባሪው የሚያውቁንን ሰዎች እጅ የሚፈልገው። በተለይ እንግሊዝኛ የማያነቡ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው በላኩት ሁሉ ያምናሉ።

21. ራስዎ ሞክረው የሠራልዎትን ኮድ ብቻ ይላኩ። ሊንኩን ሳይሆን የመደብሩን ስም፣ ኮዱንና የሚያበቃበትን ቀን በአማርኛ ጽፈው ይላኩ፤ አንባቢው መደብሩን ራሱ ይክፈት።

22. ኮዱ ለእርስዎም ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ ይናገሩ። «በዚህ ኮድ ከገዛችሁ እኔም 10 ዶላር አገኛለሁ» ማለት አያሳፍርም፤ መደበቁ ግን ያሳፍራል። ለኮሚሽን የሚያስተዋውቁ የዩቲዩብና የቲክቶክ ባለቤቶችም በአሜሪካ ደንብ ይህን በግልጽ መናገር ይጠበቅባቸዋል።

23. ስሕተት ከላኩ እዚያው ግሩፕ ላይ ያርሙ። ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ የከፈቱት ሰዎች ፓስዎርድ እንዲቀይሩና ለባንካቸው እንዲደውሉ ይንገሩ።

24. የግሩፕ አስተዳዳሪ ከሆኑ ለኩፖን ሊንክ ደንብ ያውጡ። ያልተጣራ ሊንክ እንደሚነሳ ጽፈው ግሩፑ ላይ ፒን ያድርጉት፤ ሲያነሱም የላከውን ሰው በአክብሮት በግል ያስረዱት።

ረ. ችግር ከደረሰ

25. በኦንላይን ሲገዙ ከተቻለ ከዴቢት ይልቅ በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ። ያልፈቀዱት ክፍያ በክሬዲት ካርድዎ ቢፈጸም በአሜሪካ ሕግ ኃላፊነትዎ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ስሕተት ያለበትን ሂሳብም የክፍያ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ። ዴቢት ካርድዎ ራሱ ተሰርቆ ከሆነ ግን መሰረቁን ካወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሳወቁ ኃላፊነትዎ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በደወሉበት ሰዓት ላይ ብዙ ነገር ይወሰናል።

26. ዕቃው ካልመጣ ዝም አይበሉ። ሻጩ የማስረከቢያ ቀን ካልገለጸ በ30 ቀናት ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ መዘግየቱን ነግሮ ገንዘብዎን የማስመለስ ምርጫ ሊሰጥዎ ይገባል። የትዕዛዙን ኢሜይልና የኩፖኑን ፎቶ ያስቀምጡ።

27. አጠራጣሪ የስልክ መልእክት ሲመጣ መልስ ሳይሰጡ ወደ 7726 ያስተላልፉ። ራስዎ ከተመዘገቡበት መደብር የሚመጣውን ለማቆም ግን «ስቶፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ መመለስ ይበቃል።

28. ከተታለሉ ያመልክቱ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስልክ 877-382-4357 ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አስተርጓሚ አለ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለኮሚሽኑ የተመለከተው በማጭበርበር የጠፋ ገንዘብ ከ12.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የተታለለው ሰው ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ግን በይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ይደብቁታል። የተደበቀው ማጭበርበር ነገ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የተናገረው ሰው ሌሎችን ያድናል።

በዚህ ሰሞን ለቤተሰብ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በድርብ ሥራና በሌሊት ተራ የተገኘ ገንዘብ ውጤት ነው። 5 ዶላርም ብትሆን በትክክል ከዳነች ዋጋ አላት፤ በኩፖን ሰበብ ከባከነች ግን አትመለስም። ዝርዝርዎን ይዘው ይግቡ፤ ከምንጩ ያረጋግጡ፤ ሂሳቡን ይደምሩ፤ ሌላውን ሰው የማያሳስት ነገር ብቻ ይላኩ። ይህን ማሳሰቢያ ለመጠቀም ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ አንዱን ይያዝ፦ ኩፖኑ ባይኖርም የሚገዙትን ዕቃ ብቻ በኩፖን ይግዙ።